የሸጊቱ የጡት ልጆች

ሸጊቱን የማያውቅ የሰሊጥ አራሚ በምሥራቅ ሱዳን ከሾዋክ እስከ ፋሽጋ ቢፈለግ አይገኝም። እኛ ደግሞ ከምናውቀው በላይ ነው የምናወራው። ባሏ አንዳርጋቸው ከሰላ ከተማ በሞተ በዓመቱ ሦስት ጊዜ ድረናታል፤ አንደኛውን ባል ጭራሽ አይታው አታውቅም። ወሬው ሲደርሳት ትስቅና «ካልቀረ መልከ መልካም አርጉልኝ» ትለን ነበር።

መተማ አጠገብ ተወልዳ፣ በሃያ ዓመቷ ድንበር ተሻግራ፣ በየክረምቱ የሰው ሰሊጥ ስታርም የኖረች ሴት ናት። ስሟን ያስጠራው ግን እጇ ሳይሆን ጡቷ ነው። የሚያጠቡ ሴቶች ገና ሳይነጋ ወደ ማሳው ሲወርዱ ሕፃናቱን ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ውስጥ ለአንዲት አጥቢ ትተው ይሄዳሉ። ማሳው ሰፊ ነው፤ ለማጥባት ብሎ የሚመላለስ የለም። የቀረችው ሴት የራሷንም የሰውንም ታጠባለች። ሸጊቱ ልጇን ምሥራቅን ከወለደች ወዲህ አምስት ክረምት ሙሉ ወተቷ አልደረቀም። አሥራ አንድ የጡት ልጆች አፈራች። የጡት ልጅ እኛ ዘንድ እንዲያው ለስም አይደለም፤ ሲያድግ ይጦራታል፣ ስትሞት ያለቅስላታል። መሬት የላትም፣ ከብት የላትም። ያላት ይኼ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ግራ እግሯ መጎተት ጀመረ። ነጠላ ጫማዋ እየወለቀ ከኋላዋ ይቀራል። ቀጥሎ ቀኙም ደረቀ፤ ወገቧን አመማት፣ ሽንቷም አልቋጠር አላት። እኛ ምርመራችንን ወዲያው ጨረስን። አንዱ እባብ ነው አለ፣ አንዱ የውኃ ጉድጓዱ ጂን ነው አለ፤ በመጨረሻ ሁላችንም «ያ በሽታ» ላይ ተስማማን። እናቶቹ ልጆቻቸውን ማሸሽ ጀመሩ።

ሸጊቱ ገዳሪፍ ሄዳ የኤችአይቪ ምርመራ አደረገች። ነጻ ናት። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ የዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው፤ ማንበብ የማንችለውም አነበብነው። ሁለት ሳምንት አፍረን ዝም አልን፤ ለእኛ ይህ ከባድ ቅጣት ነው። እናቶቹ ደግሞ ሊክሷት ብለው ልጆቻቸውን እየተሻሙ ሰጧት። አንድ ንጹሕ ወረቀት ለበሽታ ሁሉ የሚበቃ መስሎን ነበር። በዚያ ክረምት ብቻ አራት ሕፃናት አጠባች። የመጨረሻዋ የፀደይ የአራት ወር ልጅ ነበረች።

እግሯ ግን ወረቀቱን አላነበበም።

ገዳሪፍ ደም የሚመረምረው ዘከሪያ እናቱ የጎንደር ሰው ናት፤ አማርኛውን ከእሷ ወስዷል። የሸጊቱን አረማመድ አይቶ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፤ ሐኪሙም ሌላ ምርመራ አዘዘላት። እሱ ምርመራ እዚህ የለም። ወደ ካርቱም እንዳይላክ ጦርነት ነው። ስለዚህ ደሟ በአውሮፕላን ውጭ አገር ሄደ፤ እሷ ሎሪ ላይ ተንጠልጥላ ወደ እርሻው ተመለሰች። በሁለተኛው ወር ጠራት።

«ኻልቲ፣ ውጤቱ መጣ» አላት። አክስቴ ማለቱ ነው።

«ፊትህ ቀድሞ ነግሮኛል። በል አውጣው።»

«ኤች ቲ ኤል ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዱ ምርመራ አሳየው፤ ይሳሳት ይሆናል ብለው በሌላ ዓይነት ደገሙት። ያው ነው።»

«ያ በሽታ ነው በለኛ!»

«አይደለም። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ሌላ ነው። ብዙው ሰው ተሸክሞት ምንም ሳይሆን ያረጃል። ጥቂቱን ግን ነርቩን ይጎዳዋል፣ ወይም የደም ካንሰር ያመጣበታል። ያንቺን እግር የያዘው እሱ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ለእግርሽ መድረቅና ለሽንትሽ የሚያግዝ አለ። ከደም የሚያወጣው የለም።»

«ስንቶቻችን ላይ አለ?»

«ወላሂ አላውቅም። እዚህ ሳይመረመር ማን ይቆጥራል?»

«እኔስ ከየት አመጣሁት?»

«ከባል ይሆናል፣ ከተለገሰ ደም ይሆናል፣ ከእናት ጡት ይሆናል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኻልቲ፣ አሁንም ታጠቢያለሽ?»

ቀሚሷን ደረቷ ላይ ሰበሰበች። ልጆቹ መመርመር እንዳለባቸው ሲነግራት መሬት መሬት ታይ ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ትራክተር እርሻው አደረሳት። ዳሱ ውስጥ የፀደይ ልጅ ተርባ ታለቅሳለች። የሸጊቱ ወተት ቀሚሷን አርሶታል። «ወተቴ ደረቀ» ብትል ማንም አይጠረጥራትም፤ አሥራ አንዱም ልጆቿ ሆነው ይቀሩ ነበር። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ፣ ዱላ ይዛ ማሳው ውስጥ ገባች። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ በጉልበቷ ነው የወደቀችው፣ ልጅቷ እንዳትጎዳ። አራሚዎቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ።

«ልጅሽን ተቀበይኝ፣ ፀደይ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ አላጠባም። ደሜ ውስጥ በጡት የሚተላለፍ በሽታ አለ። ሳላውቅ ነው ያጠባሁት። ልጆቹ ይመርመሩ።»

ሁለት ልጆቿን ያጠባችላት ቱርካ ጮኸች። «ወረቀት ሰቅለሽ አልነበር እንዴ! ወረቀት አሳይተሽ ልጆቼን!»

«ወረቀቱ አልዋሸም፣ ቱርኬ። የሌላ በሽታ ወረቀት ነው።»

«ምናለ ባትነግሪን!» አለች ፀደይ እያለቀሰች።

«አስቤው ነበር። ከዚያ ልጅሽ ጣቴን ይዛ ትጠባ ጀመር።»

በዚያን ዕለት ከእሷ ጋር አብሮ የበላ የለም። ዘከሪያ በስልክ፣ በአንድ ማዕድ መብላትም ልጅ ማቀፍም አያስተላልፍም ብሎ ለሁላችን አስረዳ። ግማሻችን አመንን። ፀደይ በሦስተኛው ቀን ልጇን አምጥታ አሳቀፈቻት፤ ለማጥባት ግን ራሷ ትመላለሳለች።

ሸጊቱ አሥራ አንዱንም ከነእናቶቻቸው፣ ከነሰፈራቸው በቃሏ ቆጠረች። ለአንድ ጊዜ እንኳ ወሬኝነታችን ለደግ ዋለ፤ ማን የት እንደገባ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘጠኙን አገኘናቸው። ሁለቱ ወደ መተማ ተሻግረዋል፣ እስካሁን ፍለጋ ላይ ነን። ከዘጠኙ ስምንቱ ነጻ ሆኑ። የቱርካ ትንሹ ልጅ ላይ ተገኘ፤ ቱርካ እስከ ዛሬ አታናግራትም። ምሥራቅ ላይም ተገኘ።

ዘከሪያ ልጅቷ እንደ ብዙዎቹ ሳትታመም ልትኖር እንደምትችል ነገራት፤ ከማግባቷና ከመውለዷ በፊት ግን ማወቅ አለባት። ሸጊቱ ዳሱ ውስጥ ሰበሰበችን።

«ስለ እኔ ያሻችሁን አውሩ» አለች። «ድሩኝ፣ ቅበሩኝ። ለልጄ ግን የምነግራት እኔ ነኝ፤ ስታድግ፣ በራሴ አፍ። ከእናንተ ከሰማችው አልምራችሁም።»

የሳቀ የለም። ሁላችንም ማልን። እዚህ የጻፍኳቸውን ስሞችም ለዚያ ብዬ ለዋውጫቸዋለሁ። ሸጊቱ አሁን በሁለት ዱላ ነው የምትሄደው፤ ምሥራቅ ገና አምስት ዓመቷ ነው። ልጅቷ ወደ ዳሱ ስትመጣ ወሬያችንን ወደ ዝናቡ እናዞራለን። «ዘንድሮ ዘገየ» ይላል አንዱ፣ ውጭ እየዘነበ።