እሁድ ብቻ የሚበላሽ ማሽን

ጁባ ውስጥ የአንድ ውሃ ፋብሪካ መካኒክ የሆንኩ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማሽን ሲጮህብኝ ይውላል፤ እሁድ ግን ስልኬ እንኳ አይጮህም።

አንድ እሁድ ጮኸ። የደወሉት ጋሽ ቾል ናቸው፤ ጋምቤላ በስደት ያደጉ፣ ለፓርክ ጠባቂዎች ተኩስ የሚያስተምሩ ሽማግሌ። የተተኮሰ ቀለህ በቱቦ እየወረደለት እንደገና ባሩድ የሚሞላላቸው ማሽን አላቸው።

«ቀለሁ አልወርድ ብሏል፤ ቱቦው ነክሶታል» አሉኝ።

ጀበል ኩጁር፣ ሰፈራቸው ድረስ ሄድኩ። ቱቦውን ስፈታ ከቀጫጭኖቹ የጠመንጃ ቀለሆች መሃል አንዲት ወፍራም የሽጉጥ ቀለህ ተሰንቅራለች። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ሽሮ ቀረበ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው አስቀመጡኝና እስኪመሽ ስለ ልጅነታቸው አጫወቱኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ደወሉ፤ ያው የሽጉጥ ቀለህ፣ ያው ቦታ። ጠረጠርኩ። በሚስማር መስቀል ጫርኩባትና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት።

በሦስተኛው እሁድ ቱቦውን ስፈታ መስቀል ያለባት ቀለህ ወጣች።

«ጋሽ ቾል፣ ይቺ ከቅርጫት በእግሯ መጣች?» አልኳቸው።

ሽሮውን ማማሰላቸውን አላቆሙም። «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር አማርኛ የሚያወራኝ የለም። ካላወሩት ይዝጋል» አሉ።

እሳቸው እንጀራ ሊያመጡ ሲገቡ፣ ያቺን ቀለህ ራሴ መልሼ ቱቦው ውስጥ ከተትኳትና ማሽኑን ገጠምኩት።