ታፈሰች የሰፋችው ቀሚስ

ውባንቺ ልብስ የምታውቅ ሴት ነበረች። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ ውስጥ ከምትኖርበት ሕንፃ ቆሻሻ ልትጥል እንኳ ስትወርድ ጸጉሯ የተሠራ፣ ነጠላዋ የታጠበ ነው። ደረጃው ሥር ወንበር አውጥተው የሚውሉት ጎረቤቷ አባ ጀምበሬ በነገር ሳይነኳት አያሳልፏትም።

«ውባንቺ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?»

«የቆሻሻው ነው አባ፤ እርስዎም ተጠርተዋል» ትላቸዋለች።

ሃምሳን ልትደፍን ሁለት ዓመት ሲቀራት ግን ልብስ ጠላት ሆነባት። መጀመሪያ የጡት መያዣዋ ማሰሪያ ያማት ጀመር። ቀጥሎ የሱሪዋ ላስቲክ፣ ከዚያም ከሸሚዝ አንገት በስተኋላ የምትሰፋው ትንሿ የጨርቅ ምልክት። ቤኤር ቱቪያ ባለ አንድ ማሸጊያ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ቆማ ሠርታለች፤ አሁን የደንብ ልብሱ ወገቧን እንደ ሽቦ ይቆርጣታል። ስታወልቀው ግን ቆዳዋ ላይ ምንም አይታይም። ደም ተወሰደ፣ ፎቶ ተነሣች፣ ምንም አልተገኘም። ሁለት ዓመት ከተንከራተተች በኋላ አንዲት ሐኪም ትከሻዋን፣ ክርኗን፣ ጉልበቷን በጣቷ ተጫን ተጫን አድርጋ ካስጮኸቻት በኋላ ለሕመሙ ስም ሰጠችው፤ ፊብሮሚያልጂያ። ሰፈሩ ግን ቁርጥማት አለው። ቁርጥማት ደግሞ ያልያዘው ሰው የለም።

አንድ ቀን ገበያ በተገዛ፣ እንደ ጆንያ በሰፋ የቤት ልብስ ሆና ገዴራ እህቷ ቤት ሄደች። ታፈሰች በአራት ዓመት ታንሳታለች። ቤቷ ውስጥ ሱሪ እያሳጠረች፣ ዚፕ እየቀየረች፣ የሰው የሠርግ ልብስ እያስተካከለች ነው ልጅ ያሳደገችው።

«ምነው፣ ድንኳን ለብሰሽ መጣሽ?» አለቻት።

«ሌላው ያመኛል።»

«የት የት?»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቃት እውነት ታምማ እንደሆነ ነበር። ታፈሰች የልብስ ጠመኔዋን አነሣችና ውባንቺ «እዚህ» ባለች ቁጥር በዚያ የቤት ልብስ ላይ ታሰምር ጀመር። ሲጨርሱ ልብሱ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ያላመመሽን ባሰምር ኖሮ ቶሎ እንጨርስ ነበር» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ውባንቺን መሳቁም የጎን አጥንቷን አመማት።

ታፈሰች ሦስት ሳምንት ሠራች። ጨርቁ የሚለጠጥ ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ነው። ስፌቱን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣችና በቀጭን ጥለት ሸፈነችው፤ ለሚያየው ጌጥ ነው፣ ውስጡ ግን የሕፃን ልብስ ይመስል ልስልስ። ከደረት ጀምሮ እየሰፋ ስለሚወርድ ወገብ አይነካም፤ ሁለት እጥፋት ጣል ስላደረገችበት ግን ወገብ ያለው ይመስላል። ውባንቺ ክንዷን ማንሣት ስለማትችል በእግር በኩል ገብታ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ትከሻው ላይ በምትጣበቅ ጨርቅ ይያዛል። ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛሉ፣ የልብስ ቁልፍ አይዙም። ታፈሰች ግን ከአንገት እስከ ጉልበት አሥራ ሁለት ቁልፍ ደረደረችበት። ቀዳዳ የላቸውም፤ ለዓይን ብቻ ናቸው።

«ሰው ሲያይሽ በሽተኛ አትምሰይ» አለቻት።

ቀሚሱ ያለቀው ለቫዓዳው ነበር። ቫዓዳ የሚሉት፣ ሰው መሥራት ይችል ወይም አይችል እንደሆነ የሚወስነውን የሐኪሞች ጉባኤ ነው። ከተቀበላት አበል እየተቆረጠላት ቤቷ ትቀመጣለች። ካልተቀበላት ወደ ማሸጊያው መስመር ትመለሳለች፤ ፋብሪካው ከዚህ በላይ አልጠብቅም ብሏል። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ልጇ ኢታይ ወታደር ነው። ሌላ የምትደገፍበት አልነበራትም።

በፈረንጆቹ 2018፣ የፑሪም በዓል ሊገባ ሲል፣ ያቭኔ ሄዱ። ዳኛም ሐኪምም ፊት ሲቀርቡ ከልብስ ሁሉ የተሻለውን መልበስ ነው ያደጉበት። ታፈሰች ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ ውባንቺ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ቀሚሱን ለብሳ ብቻዋን ገባች።

«ማ ሽሎሜኽ?» አላት ሐኪሙ፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

«ባሩኽ ሃሼም፣ ቤሰደር» አለች፤ ተመስገን፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው።

በመጡበት በኢትዮጵያ ሰላምታ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ሕመም የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀ። ራስሽ ነሽ የምትለብሺው አላት። ከዚህ በቀር ሌላውን ልብስ ሰው ያለብሰኛል ማለት አሳፈራትና አዎ አለች። ቁልፎቹንስ? ለዚህም አዎ አለች።

ደብዳቤው ከፋሲካ በኋላ መጣ። ያነበበችላቸው የታፈሰች ልጅ ማዕያን ናት። የውትድርና ግዴታዋን ጨርሳ ትማራለች፤ ዕብራይስጡም አማርኛውም አይቸግራትም።

«በጥንቃቄ የለበሰች፣ ጸጉሯ የተሠራ፣ ሁኔታዬ ደህና ነው ያለች... ቀሚሷ ላይ ያሉትን አሥራ ሁለት ቁልፎች ራሷ ትቆልፋለች። ለሥራ ብቁ ናት።»

«ቆጥሯቸዋል» አለች ታፈሰች።

ውባንቺ ይግባኝ አለች፤ የይግባኙ ቀጠሮ እስኪደርስ ግን ወደ መስመሩ መመለስ ግድ ሆነባት። ማለዳ በአውቶቡስ ሄዳ፣ ቆማ ውላ፣ ማታ ጫማዋን የሚያወልቅላት እስኪመጣ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ታፈሰች በየሳምንቱ እየመጣች እግሯን ታጥባታለች። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ። በቁልፍ ነው የገደልኩሽ» ትላለች። ለይግባኙ ራሷ አብራ ልትገባ፣ ቀሚሱን ገልብጣ ውስጡን ለሐኪሞቹ ልታሳይ ቆረጠች። የምትለውን በዕብራይስጥ ማዕያን እያስጠናቻት ነበር።

በመከር፣ ከሱኮት በዓል በኋላ፣ ቀጠሮው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ታፈሰች ሞተች። ልቧ ነው ተባለ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ቀጠሮው አይተላለፍም አሉ። ውባንቺ ሰባቱን ቀን መሬት ተቀምጣ፣ አልቅሳ፣ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ጸጉሯን አልነካችም። የለበሰችው ሰው ያዋሳትን፣ ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ጥቁር ቀሚስ ነው። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ተከናንባለች፤ የአገሯ ሰው ቢያያት ከሩቅ ሐዘንተኛ ናት ይላል። ሰማያዊውን ቀሚስ ግን በፌስታል ይዛለች። ማዕያን ልታስተረጉምላት አብራት ገባች።

የዚህ ጊዜዋ ሐኪም ሴት ናት። ውባንቺን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዴት ነሽ አለቻት።

ውባንቺ ወደ ማዕያን ዞረች። «እህቴን ከቀበርኩ አሥራ አንድ ቀኔ ነው በያት። እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት ቀርቤ አላውቅም። ቀሚሱን እንዳሳያት ጠይቂልኝ።»

ማዕያን ፌስታሉን አየችው። ከዚያ በዕብራይስጥ «አክስቴ ከዓመት በላይ እንዲህ ናት» አለች። «አትለብስም። አታበጥርም። ከሥራ ስትመለስ አልጋ ላይ ትወድቃለች፣ የምናነሣት እኛ ነን።»

ይህን ያህል ዕብራይስጥ ውባንቺም ታውቃለች። አፏን ከፈተች። ፌስታሉ ጉልበቷ ላይ ነበር። ነገ ማለዳ የሚመጣው አውቶቡስ፣ መስመሩ ፊት ያለው ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ታያት። አፏን መልሳ ዘጋች፤ ዓይኗንም ወደ መሬት አደረገች። ሐኪሟ መሀረብ ሰጠቻትና ብዙ ጻፈች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጡ።

«እናትሽን ደበቅሻት» አለች ውባንቺ።

«አልደበቅኋትም።»

«የሷን ሐዘን የኔ በሽታ ነው አልሽ።»

«ምን ልበል ዶዳ፣ አክስቴ? ቀሚሱን ገልብጠን እናሳያቸው? እማ እስክትሞት በዚያ ቀሚስ ራሷን ስትረግም ሰምቻታለሁ። ዛሬም ደግመው ቢያባርሩሽ፣ ሁለት ጊዜ ነው የምትሞትብኝ።» ከዚያ ፊቷን አዞረች። «አንቺም እኮ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ» አለች ውባንቺ።

ተቀበሏት። ለሁለት ዓመት፤ ከዚያ እንደገና ይታያል። ፋብሪካውን ተወች። እግሯ እብጠቱ ቀነሰ፣ እንቅልፍም ትንሽ ትንሽ ይወስዳት ጀመር። ሰፈሩ ግን ወሬ አለው፤ ቫዓዳው ሰው ይልካል፣ ፌስቡክ ያያል፣ እከሊት ሠርግ ላይ ስትጨፍር ታይታ አበሏ ተሰረዘባት ይላል። እውነት ይሁን ውሸት ውባንቺ አላወቀችም። የሐዘኑ ሰላሳ ቀንም አለፈ፤ ጥቁሩን አላወለቀችም።

የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ማዕያን ያቭኔ ሄዳ ልብስ ገዛችላት። ሱቅ ለሱቅ ዞራ፣ በእያንዳንዱ ልብስ ውስጥ እጇን አስገብታ ስፌቱን በእጇ ጀርባ እየዳበሰች ነው የመረጠችው። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ሰፊ፣ ቀላል። ምልክቱንም ከነክሩ ፈትታ አውጥታዋለች። ውባንቺ ቤት ውስጥ ለበሰችው፤ የትም አልነካትም። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ለረጅም ጊዜ አየች፤ በሽተኛ አትመስልም። ከዚያ አውልቃ አጣጠፈችውና ጥቁሩን መልሳ ለብሳ ገዴራ ሄደች።

ታፈሰች ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሐዘንተኛውን ከሐዘን አወጡ፤ ዘመዶቹ ሁሉ ተነሥተው ጥቁራቸውን ቀየሩ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሣሉ። ውባንቺ ጥግ ተቀምጣ ቀረች።

አንዲት አሮጊት መጥተው እጇን ያዙ። «በቃሽ ልጄ። ዓመት ሞላ፤ አውልቂው።»

«ትንሽ ልቆይ እማዬ» አለች፤ ካሜራ ወዳልዞረበት እየተጠጋች።

አሮጊቷ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «አያችሁ? እህት ማለት ይቺ ናት። ሁሉም ሲጥል እሷ አልጣለችም።»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ማዕያን ሳህን እየሰበሰበች ነበር፤ ቀና ብላ አክስቷን አየቻት። ማዕያን ሳህኖቹን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ውሃው ሲከፈት ተሰማ፣ ለረጅም ጊዜም ሳይዘጋ ቆየ።