የደምለው የሁዳዴ ውፍረት

ደምለው ጾም ይገድፋል ተባለ። ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ተራራ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ የሚያመላልስ ሰው ነው። ፈረንጆቹ የተረፋቸውን የቆርቆሮ ሥጋ ይሰጡታል፣ እሱም ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጦ ያወርደዋል አሉ። ማስረጃው ፊቱ ነበር። በሁዳዴ የአገሩ ጉንጭ ሁሉ ሲሰረጉድ የሱ ይነፋል። «ዓይኑን እንኳ ጮማ ውጦታል» ያለችው ጠላ ሻጯ ናት። «ጠዋት ጠዋትማ ይብስበታል» የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን።

እውነቱ ሌላ ነው። ደምለው እንኳን ሥጋ ሽሮም አይወርድለትም፣ የምግብ ሽታ ያቅለሸልሸዋል። ሚስቱ ፋንታዬ ይህን ታውቃለች። ግን ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ማን ይሰማታል?

ወሬው የንስሐ አባቱ ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ዘንድ ደረሰ።

«ልጄ፣ ፊትህ እየመሰከረብህ ነው።»

«አባቴ፣ አልበላሁም።»

«በቀን መቶ ስግደት ጨምር።»

ሰገደ። ጉልበቱ ሲቆረጥመው ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ወረቀት የሕመም ማስታገሻ ገዛ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይውልና ሁለት ኪኒን በባዶ ሆዱ ይውጣል። ፊቱ ጭራሽ ነፋ። ቄሱ ሃምሳ ጨመሩለት። እንዲህ እያለ ሁለት ሁዳዴ አለፈ።

መሐል ላይ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ግፊቱን ለኩ፣ ደሙን መረመሩ፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፉና «ጨጓራ ነው» ብለው ሸኙት።

በመጨረሻ ሆስፒታል ገባ። አዲሷ ሐኪም ሕሊና ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ።

«ሽንትዎ አረፋ ይሠራል?»

«ፋንታዬማ ሳሙና ጨመርክበት ወይ ትለኛለች።»

ከክሊኒኩ ይዞት የመጣውን ካርድ ገልጣ ቁጥሩን አየች። ኩላሊቱ ያኔውኑ ደክሞ ነበር።

«ይህን ያየው ሰው ምን አለዎት?»

«ጨጓራ።»

ካርዱን አጠፈችው። ከዚያ ይዘውት ለመጡት ሦስት ወንድሞቹ አስረዳች፤ ውፍረት ያላችሁት ኩላሊቱ ማስወጣት ያቃተው ውሃ ነው፣ ኪኒኑ የቀረውን ጨርሶታል፣ ያኔ ቢታወቅ በመድኃኒት ብዙ ዘመን በቆየ ነበር። አሁን አንድ ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ እስኪገኝ ጎንደር እየተመላለሰ ደሙ በማሽን ይታጠባል። «ሰው በአንዱ ይኖራል» አለቻቸው።

ቄሱ ስግደቱን አነሡለት። እኛም ወሬውን አስተካከልን፤ «ኩላሊቱን የጨረሰው ያ በጾም የበላው ሥጋ ነው» አልን።

የፋሲካ ማግስት ልንጠይቀው ተሰበሰብን፤ ወንድሞቹ፣ ቄሱ፣ ጠላ ሻጯ፣ ጎረቤቱ ሁሉ። ፋንታዬ ዶሮ ወጥ አቀረበች። እሱ አልቀመሰም፣ እኛ ግን አጥንቱን ሳይቀር ጋጥን። አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አለን አይደል እንዴ አልነው።

ደምለው ያበጠ ፊቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ አንድ በአንድ አየን።

«ከእናንተ ውስጥ ሁለት ኩላሊት ያለው ማን ነው?» አለ።

ቄሱ ለጸሎት ተነሡ፤ ሁላችንም ተከትለን ተነሣን።