የሰናይት ግራ እጅ

በደርግ ዘመን ሮማ ስሠራ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሐበሻ ልጆችን ቤዝቦል አስተምር ነበር። «ኃይሉ ከክንድ አይደለም፤ መጀመሪያ ዳሌ ይዙር!» እያልኩ ስለፈልፍ፣ የገባት ግራኟ ሰናይት ብቻ ነበረች። ከጣሊያን ልጆች ጋር ልንጋጠም ስንል እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ደርሰው የኳስ መምቻውን ዱላ ነጠቋት።

«ጋሼ፣ የተማሩ ሰው አይደሉም እንዴ? ልጄን በግራ ያስመታሉ? በቀኟ ካልሆነ ይቅርባት!»

«በቀኟ አንድም ኳስ አትነካም!» አልኩ ደሜ ፈልቶ። «አሎራ፣ እንግዲያው እስቲ እርስዎ ያሳዩን!»

«አሳያለሁ!»

ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። ስወረውርላቸው ኳሷን ከአጥሩ በላይ አሻገሯት።

«ማማ፣ በግራሽ እኮ ነው!» ብላ ሰናይት ጮኸች።

ወይዘሮ ዘነበች ዱላውን ጣሉት። «የእኔስ አንዴ ተበላሽቷል፤ የእሷ ገና ይቃናል!» ብለው ልጅቱን እየጎተቱ ወሰዷት።