መካን ያየ ጫማ በያዕቆብ ከተማ

ጎረቤቴ ጫማውን ያመጣችልኝ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ነው። ግራጫ ነው፤ ሶሉ ለስላሳ፣ በክር ሳይሆን በሚጣበቅ ጨርቅ የሚዘጋ። ሐጅ የሄደችበት ጫማ ነው። ከመካ ከተመለሰች ወዲህ አጥባና አድርቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያኖረችው። ምራቷ እግሯን አሟት ለአንድ ሳምንት ብትለምናት እንኳ ሌላ ጫማ ገዛችላት እንጂ እሱን አላወጣችውም። ለእኔ ግን ሳልጠይቃት አመጣችልኝ።

"ያንቺ ጫማ ገበያ ለመውጣት እንጂ አገር ለማቋረጥ አይሆንም" አለችኝ። "ይሄ መንገድ ያውቃል። ብቻ በር ላይ አውልቀሽ እንዳትተይው። እኔ እዚያ በፌስታል ይዤው ነበር የምገባ።"

ተረከዙ ላይ አረንጓዴ ክር ሰፍታበታለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጫማ ጋር ቢቀላቀል እንድትለየው ነው።

እኔና እሷ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ አንድ አጥር ተጋርተን ነው የምንኖር። እሷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ እኔ ቤት እውላለሁ። ልጆቻችን ከሁለቱም ቤት እየበሉ ነው ያደጉት። የእኔዋ ስፔን አገር ሄዳ ስለ ውኃ አረም ትማራለች። እምቦጭ ጣናን ሲወርረው እያየች ስላደገች ይመስለኛል። መጥተሽ እዪኝ ብላ ስትጠራኝ ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ብዙም ሳይቆይ ሐሳብ ሆነ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። አውሮፕላን ያየሁት ከበላያችን ሲያልፍ ነው። ፓስፖርቴን መቀነቴ ውስጥ አሰርሁት፤ ባነጠስሁ ቁጥር እየዳበስሁ መኖሩን አያለሁ። የሚበላ ባይኖርስ ብዬ በሶ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ያዝሁ። ልጄ ሻንጣዬን ስትከፍት ወፍጮ ቤት የገባች ነው የመሰላት።

እዚያ በደረስሁ ሰሞን ምን ማየት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። እኔም በዚህ አገር የሚሳለሙት ቦታ የለም ወይ አልኋት። ያን ጊዜ ሳንቲያጎ ስለምትባል ከተማ ነገረችኝ። ስሟ ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው አለች፤ የሐዋርያው መቃብር እዚያ ነው ስለሚባል ሰዎች ተራራ አቋርጠው በእግራቸው ይመጣሉ። ይህን ሐዋርያ አውቀዋለሁ። የዘብዴዎስ ልጅ ነው፤ ጌታ ሲጠራው ሐይቅ ዳር መረብ እያበጀ ነበር። እኛ ዘንድም መረብ የሚያበጅ ሰው ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር አይታጣም። ዘመድ ልጠይቅ እንደምሄድ ሆኖ ተሰማኝ።

አስጎብኚ አልያዝንም፤ ከሰው ጋር በቡድን አልሄድንም። ባቡሩንም ማደሪያውንም ልጄ በስልኳ ጨረሰችው። ቁልፍ የሚሰጠን ሰው ሳይኖር በር በቁጥር ይከፈታል ስትለኝ፣ ቁጥሩ ቢጠፋሽስ አልኋት። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ደርሰን ይሆን እያልሁ እነሣለሁ። በመጨረሻ፣ "እማዬ፣ ተቀመጪ፤ ከተማዋ አትሸሽም" አለችኝ።

ስንደርስ ይዘንብ ነበር። የሐምሌ የባሕር ዳር ዝናብ ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ስለሆነ ጭቃ የለውም። ጠባቡ መንገድ በተጓዥ ተሞልቷል። ሁሉም ቦርሳቸው ላይ ዛጎል አንጠልጥለዋል፤ ሁሉም ያነክሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው አደባባይ ላይ ደግሞ ሰዎች በጀርባቸው ተዘርረዋል። ራሳቸውን የሳቱ መስሎኝ ውኃ ይዤ ስሮጥ ልጄ ነጠላዬን ይዛ መለሰችኝ። ደርሰው ነው፣ ደስ ብሏቸው ነው አለች። ከዚያ ምሳ እንብላ ብላ ምግብ ቤት አስገባችኝ። መስኮቱ ላይ እግሩ የበዛ ነገር ተንጠልጥሏል። የባሕር ምግብ ነው ብትለኝ፣ ጣና እንዲህ ያለ አያውቅም ብዬ ወደ በሶዬ ተመለስሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑን ልንሳለም ሄድን። ልጄ ሰልፉን ልታጣራ ቀደመች። እኔ ደፉ ላይ ስደርስ አጎነበስሁና ጫማዬን አወለቅሁ። ሳላስበው ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ደጀ ሰላም ስደርስ እጄ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ፌስታሌን ስፈልግ የለም። በሶውን ይዞ ማደሪያ ቀርቷል። የጎረቤቴ ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ተጫምቼ ግን ሐዋርያው ዘንድ አልገባም። እዚህ አገር ጫማ የሚሰርቅ የለም ብላኛለች ልጄ። ግድግዳው ሥር አጣምሬ አስቀመጥሁት፣ አማተብሁና በካልሲ ገባሁ።

ውስጥ ልጄ አጠገብ ደርሼ ስቆም ሰዎች እግሬን ያዩ ጀመር። አንድ ረጅም ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣኝ። ትሑት ሰው ነው ብዬ እኔም አጸፋውን መለስሁ። ከዚያ ትልቁ ጥና ተነሣ። የእኛ ጥና በካህኑ እጅ የሚያዝ ነው፤ ይህ ግን ሙሉ ሰው የሚያህል ሆኖ በገመድ ተንጠልጥሏል። ብዙ ሆነው ገመዱን ሲስቡት ከጣሪያ ጣሪያ በላያችን ይመላለሳል። ገመዱ ስንት ዘመኑ ይሆን ብዬ ልጄን ጎትቼ ከምሰሶ ኋላ ደበቅኋት። ስትንገዳገድ ነው ወደ እግሬ ያየችው።

"እማዬ፣ ጫማሽስ?"

"በር ላይ ነዋ።"

ሳቋን በነጠላዬ ጫፍ አፈነችው። እዚህ ጫማ አይወለቅም አለችኝ። ዙሪያዬን ባይ እውነትም ያ ሁሉ ሰው ተጫምቶ ቆሟል። አፈርሁላቸው።

ስንወጣ ግድግዳው ሥር ምንም የለም። ያስቀመጥሁበትን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ዳበስሁት። በር ላይ የቆሙ ሽማግሌ ጥበቃ ለልጄ አስረዷት። መንገዱን የጨረሱ ተጓዦች አንዳንዴ ያለቀ ጫማቸውን በር ላይ ትተው ይሄዳሉ። የሚያጸዱት ሰዎች ያነሡታል፤ ደህናውን ደግሞ እግሩ ለተጎዳ እንዲሆን ወደ ተጓዦች ማደሪያ ይልኩታል። የእኔንም እንደዚያ ነው ያደረጉት። ያ ረጅም ሰውዬም በባዶ እግሬ አገር አቋርጬ የመጣሁ መስሎት ኖሯል።

ልጄ ተመሳሳዩን እንገዛለን፣ ችግር የለም ብላ አጽናናችኝ።

"መካ ደርሶ የተመለሰ ጫማ የሚሸጠው የትኛው ሱቅ ነው?" አልኋት።

በእርጥብ ካልሲ እየረገጥሁ የተጓዦቹን ማደሪያ ፍለጋ ሄድን። የተተዉ ጫማዎች የሚደረደሩበት መደርደሪያ አሳዩን፤ የእኔ የለም። ልንወጣ ስንል ልጄ ክንዴን ጨበጠችኝ። ግቢው ውስጥ፣ ዝናብ በማይደርስበት አግዳሚ ላይ፣ ጸጉራቸው ነጭ የሆነ ሴትዮ ተቀምጠዋል። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከፋሻው በላይ ግራጫ ጫማ አድርገዋል። ተረከዙ ላይ አረንጓዴ ክር አለ። ከጎናቸው ጀልባ የሚያካክሉ ቡናማ ቦት ጫማዎች ቆመዋል።

ልጄ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት እጇን ያዝሁት። የራሴ ቢሆን ይውሰዱት ብዬ እሄድ ነበር። የሰው ዕቃ ነው፤ ልሰጥ አልችልም። ደግሞ ከቆሰለ እግር ላይ አውልቁ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ፈገግ አሉልኝ፤ ፈገግ አልሁ። ከዚያ ልጄን ወደ ባሕር ዳር ደውዪልኝ አልኋት።

ጎረቤቴ በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ የጨርቅ ጥቅሎቿ ይታያሉ። ሁሉንም ነገርኋት። የሆነ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃት እንኳ አልመለሰችለትም።

"ፌስታሉስ?" አለች።

"በሶ ይዞ ነበር።"

"በሶ" አለች፤ ደግማ፣ "በሶ።" ከዚያ፣ "ሴትዮዋን አሳዪኝ። ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን።"

ልጄ ለሴትዮዋ በቋንቋቸው አስረዳቻቸው። ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም፤ ደንገጥ አሉና ጫማውን አውልቀው ፋሻውን ፈታ አደረጉት። ውኃ የቋጠረው ፈንድቶ፣ ሥጋው ቀልቷል። ስልኩን ወደዚያ አዞርሁት። ጎረቤቴ አጎንብሳ ብዙ አየችው፤ ስትሸጥ የጨርቅ ጉድለት የምታይበት ዓይን ነው።

"እኔንም እዚያ እንዲህ አድርጎኝ ነበር" አለች። "በእንብርክክ መሄድ ብቻ ነው የቀረኝ። ይጫሙት፣ ተዪአቸው። አንቺ ሴት ግን ባዶ እጅሽን እንዳትመጪብኝ። የእሳቸውን አምጪልኝ።"

ልጄ ይህንን ነገረቻቸው። ስለ ክሩም ጠየቋት፤ ጫማው የት ደርሶ እንደመጣ ስትነግራቸው እጃቸውን አነሡ፤ ሊመልሱልኝ ወደ እኔ ገፉት። ጎረቤቴ ከስልኩ ውስጥ፣ "ይተዉት፣ ይተዉት" እያለች በእጇ ትመልሳቸዋለች፤ አማርኛው በጩኸት የሚገባቸው መስሏት ነው። ገባቸው መሰለኝ። መልሰው አደረጉትና ቡናማውን ቦት ጫማ በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

ከዚያ ወደ ማደሪያችን የሄድሁት በዚያ ቦት ጫማ ነው። ሁለት ጀሪካን ውኃ ታስሮብኝ የምሄድ ነው የመሰለኝ። ልጄ መንገዱን ሁሉ ፎቶ ስታነሣኝ ነበር። አገር ቤት ስመለስም እሱኑ ተጫምቼ ገባሁ፤ ሻንጣ ውስጥ አልገባ ብሏል።

ጎረቤቴ ከሱቋ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥታ ጣቱ ጋ ወተፈችበትና ልኳ አደረገችው። ክረምት ሲገባ ሰፈራችን እንደልማዱ ጭቃ ሆነ። ሁላችንም ድንጋይ እየፈለግን ስንዘል እሷ መሐል መሐሉን ትሄዳለች። አንድ ቀን ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ፣ "እትዬ፣ ጉና ተራራ ሊወጡ ነው እንዴ?" ብሎ ቀለደባት። ራቅ ሳይል ጭቃው ያዘው። በአጠገቡ ስታልፍ ከእሷ ቀድሞ ጉና ከደረሰ ተራራውን ሰላም እንዲልላት ነገረችው።

ዓርብ ዓርብ ወደ መስጊድ ስትሄድ ግን ፌስታል አትይዝም። በር ላይ አቁማው ትገባለች። እኔን እንደዚያ አስጠንቅቀሽ ምነው ብላት፣ "ይሄን የሰረቀ ሰው የዓባይን ድልድይ ሳይሻገር ይያዛል" አለችኝ።

ትናንት እኔ ዘንድ መጥታ ደጄ ላይ አውልቃው ገባች። ከዝናቡ ላንሣው ብዬ ሳጎነብስ ተረከዙን አየሁት። አረንጓዴ ክር ሰፍታበታለች።