በረቱ ባዶ ሳለ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት ማውራት ክልክል ነበር። ክልክል ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በጾም ሥጋ ከመብላት እምብዛም አይተናነስም። ሕጉን ያወጡት አያቴ ናቸው። ሁላችንም «አባባ» ነበር የምንላቸው። አባባ ሸማኔ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው መወርወሪያቸውን ከወዲያ ወዲህ ሲያመላልሱ ይውሉና፣ ሲመሽ፣ ከብቱ ገብቶ፣ ኩራዙ በርቶ፣ የምድጃው ፍም አመድ መልበስ ሲጀምር፣ እኛ ልጆች ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን በዙሪያቸው እንኮለኮላለን። ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ወረታ ውስጥ ሸማኔ መሆን የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ቀን ቀን «የቁጢት በጣሽ ልጆች» እያሉ የሚያሾፉብን የገበሬ ልጆች ግን ማታ ማታ አጥር ዘለው እየመጡ ከእኛው ጋር ተረት ይሰሙ ነበር። አባባ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን «ውጡልኝ» ብለዋቸው አያውቁም።

«ተረት ተረት» ይላሉ። እኛ «የላም በረት» ብለን እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ እሳቸው ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር «እሺ» ማለት አለብን። ዝም ያልን እንደሆነ አባባ ቀጥ ይላሉ። «ለግድግዳው ነው እንዴ የማወራው?» ብለው ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ ተረቱን እዚያው ጥለውት ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። የጦጣዋን ተረት መጨረሻ ሳንሰማ የቀረንበት ምሽት ስንት ነው!

ተረት ለምን በቀን እንደማይወራ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «ተረት ተረት ስልሽ ምን ብለሽ ነው የምትመልሺው?»

«የላም በረት።»

«ቀንስ በረቱ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው! በረቱ ባዶ ሳለ ስሙን ከጠራሽው ላሚቱ መግቢያዋ ይጠፋታል። ማታ ስትጠብቂያት ትቀሪያለሽ።»

እኛ ደግሞ የነበረችን ላም አንዲት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ቦራ የምንላት። የታናሽ ወንድሜ ወተት ከእሷ ነው። እናቴ ጡቷ ደርቆባት ነበርና ቦራ ጠፋች ማለት ልጁ ጠፋ ማለት ነው፤ ይህን በቤታችን የማያውቅ አልነበረም። እናም ያ ቃል ቀን ላይ ካፌ እንዳያመልጠኝ ስሠጋ ነው የኖርኩት። ስለ በረቱ ማውራት ካለብኝ እንኳ «ቦራ የምታድርበት ቦታ» ነበር የምለው፤ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።

ወንድሜ ሲወለድ እናቴ ምጥ ጠንቶባት ስለነበር አባባ ለጣራ ገዳም መጋረጃ ተስለው ነበር። ስለቱ በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ ደረሰ። «ክሩን ሁሉ በቀሰም ያጠነጠነችው እሷ ናት፤ እሷም ትሂድ» አሉና ይዘውኝ ተነሡ። በመኪናው መንገድ ዳር ዳር በእግራችን ሄደን አዲስ ዘመን ከተማ ዘመድ ቤት አደርን፤ በማግስቱ ማልደን፣ እሳቸው የተጠቀለለውን መጋረጃ በትከሻቸው አድርገው፣ ተራራውን ተያያዝነው።

ሸንተረሩ ጀርባ ላይ ስንወጣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሜዳ እንጂ ሌላ አላውቅም፤ ፎገራ ተወልዶ ያደገ ሰው አገር ሁሉ ጠፍጣፋ ይመስለዋል። እዚያ ላይ ቆሜ ዞር ስል ግን የአባባን ጋቢ ጨብጬ ያዝኩ። ሜዳችን በሙሉ ነጭ ጉም ተኝቶበታል፤ ከጉሙ ማዶ ጣና ያብረቀርቃል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ጉና ብቻውን ሰማዩ ሥር ተጎልቷል።

«ያ ጉና ነው» አሉ አባባ በዱላቸው እያሳዩኝ። «ያ ጉም የተኛበት የእኛ አገር ነው።»

ቤታችንን ፈለግኩት። ቦራንም ፈለግኳት። ጉም ብቻ ነው። አባባ ሳቁብኝና የድንጋይ ክምር ጥግ፣ ደረቁ ሣር ላይ ለማረፍ ቁጭ አሉ። እኔ ቀጋ ልለቅም ወደ ቁጥቋጦው ራቅ አልኩ።

«ውይ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ዱላቸው ሣሩን ደጋግሞ ሲመታ ሰማሁ። ሮጬ ስመለስ ከጋቢያቸው ጫፍ ቀደው ባታቸውን ጥፍር አድርገው እያሰሩ ነበር።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«ጋሬጣ ነው። ነይ፣ እንሂድ።»

ጋሬጣ በዱላ ይመታል እንዴ? ልጅ ነኝና አልጠየቅኩም። ተነሥተን ሄድን። መንገዱ ባንድ ወገን ገደል፣ ባንድ ወገን ጫካ ነው፤ ሰው የሚባል አይታይም። አባባ መጀመሪያ ከወትሯቸው ይልቅ ፈጠኑ፤ እኔ እየሮጥኩ ነበር የምከተላቸው። ከዚያ እየቀዘቀዙ መጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። መጋረጃውን አወረዱና «ያዢልኝ» አሉኝ፤ ስለታቸውን ለማንም አያሲዙም ነበርና ይህም ገረመኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ በዚያ የረፋድ ፀሐይ፣ ቆም ብለው፦

«ተረት ተረት» አሉ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «አባባ፣ ፀሐይ እኮ አለች!»

«አውቃለሁ። ተረት ተረት!»

አፌን ግጥም አደረግኩ። ሊፈትኑኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ጉሙ ያን ጊዜ መነሣት ጀምሮ ነበር፤ ሜዳው እየተገለጠ፣ የታጨደው ጤፍ ማሳ እየታየ፣ እዚያ መሃል ደግሞ አንድ ቦታ ቦራ ትግጣለች። በረቷ ባዶ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።

«መልሺ እንጂ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «በእመቤቴ ልጄ፣ መልሺልኝ።»

አባባ ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ቀጥሎ እግራቸውን አየሁ። እግራቸው አብጦ የጫማቸው ጠፍር ሥጋቸው ውስጥ ሰጥሟል።

«እባብ ነው?» አልኳቸው።

«እባብ ነው። እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነው። እባብ የነደፈው ሰው ከተኛ አይነሣም ልጄ፤ ዓይኔ ደግሞ እየተከደነብኝ ነው። ላውራ፣ አንቺ መልሺ። ሌላ ምንም አታድርጊ።»

«ሮጬ መነኮሳቱን ልጥራ?»

«ከሄድሽ ማን እሺ ይለኛል? እተኛለሁ።»

ወደ ሜዳው አየሁ። ወንድሜ ጥርሱ ገና ሁለት ነው። ወደ አባባ ዞርኩ፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ይጠብቁኛል።

«የላም በረት» አልኩ፤ እያለቀስኩ።

አወሩ። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ተረት ነበር፤ ምናልባት እዚያው የፈጠሩት ይሆናል። ጉና ብርድ በርዶት ጋቢ አማረው። ጦጣ «እኔ እሸምንልሃለሁ» አለች። ክር ከየት ይምጣ? ጣና ጉሙን ሰጣት። ጦጣም በየማለዳው ጉሙን ፎገራ ላይ ድር አድርጋ ትዘረጋዋለች፤ ማጉን ልታስገባ ስትል ግን ፀሐይ ትወጣና ድሩን ትበላባታለች። እኔ «እሺ» እላለሁ፣ እንራመዳለን፤ «እሺ» እላለሁ፣ እንራመዳለን። አንድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እየከበደኝ መጣ።

«ጦጣዋም ድሩን ዘረጋች» አሉ።

«እሺ።»

«ድሩን... ዘረጋች።»

«እሺ አባባ፣ ከዚያስ?»

«ጠፋኝ» አሉ፤ ምላሳቸው ተሳስሮ። ጉልበታቸው ተጣጠፈ።

መጋረጃውን በአንድ እጄ፣ ወገባቸውን በሌላው አቅፌ «ተረት ተረት!» ብዬ ጮኽኩ። ያን ቀን ሕጉ ቢፈርስም ቢቆምም ጉዳዬ አልነበረም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ «የላም በረት» አሉ። እኔም ጦጣዋን ተቀብዬ ሄድኩ። ምን ምን እንዳልኩ እግዜር ይወቀው፤ ጦጣዋን ወደ ርብ ወንዝ ላክኋት፣ ከበግ ጋር አጣላኋት፣ ሰርግ ላይ አስጨፈርኳት፣ ብቻ እንዳላቆም። እሳቸው «እሺ» ይላሉ። እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ እሳቸው «እሺ» ይላሉ፤ «እሺ»ው ግን እየቀጠነ፣ እየራቀ ይሄዳል።

ከዚያ ቀረ።

ጠበቅኩ። የለም። ዓይናቸው ተከድኗል። የምለው ጠፋኝ፤ እና ካፌ የወጣው የራሳቸው ቁጣ ሆነ፤ በእሳቸው ድምፅ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ፦

«ለግድግዳው ነው እንዴ የማወራው!»

ገደሉ ቃሉን መለሰልኝ። የአባባ አንድ ዓይን ተከፈተ።

«እሺ» አሉ። «እሺ፣ ባለጌ።»

ያን ጩኸት ሰምተው ነው እንጨት የሚለቅሙ መነኩሴ ከጫካው ብቅ ያሉት። ሌሎች ተጠርተው አባባን ተሸክመው አስገቧቸው፤ የማላውቀው ሥር ተወቅጦ ጠጡ፣ ጸበል ተረጩ። «እስኪመሽ እንዳይተኙ» ተባለ። አባባ ያንቀላፉ ሲመስላቸው መነኮሳቱ ይጎነትሏቸዋል፤ እኔም እግራቸው ሥር ተቀምጬ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጦጣዋን አልለቀቅኳትም። ፀሐይ ስትጠልቅ ላቡ ተዋቸው፤ መነኩሴውም «አሁን ይተኙ፣ አልፏል» አሉ። መጋረጃው በማግስቱ ተሰጠ።

አባባ ተረፉ። ያ እግራቸው ግን እንደ በፊቱ የሽመናውን መርገጫ አልረገጠላቸውም፤ ዘመድ በበቅሎ ወደ ቤት ሲወስደን መንገዱን ሁሉ ይነጫነጩ ነበር። እኔ ደስ አላለኝም። ልቤ ቦራ ጋ ነው። ቤት እንደደረስን እናቴን ሳልስም ወደ በረቱ ሮጥኩ፤ መሽቶ ነበር። ቦራ ተኝታ ታመሰኳለች። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ስንሰቀሰቅ እናቴ እብድ መሰልኳት።

«አባባ፣ ቦራ አለች!» አልኳቸው። «ታዲያ ሕጉ ውሸት ነው?»

«ዝም በይ» አሉኝ ኮስተር ብለው። «ለጨዋታ የጠራሽው መሰለሽ?»

ከዚያ በኋላም ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድም ተረት አላወሩም።

ዓመታት አለፉ። አግብቼ ሐሙሲት ሳለሁ «አባባ ደክመዋል» ተብሎ ተላከብኝና መጣሁ። እኩለ ቀን ነበር። መደቡ ላይ ተኝተዋል፤ ዘመዶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ሲከደን አየሁና ያ ሸንተረር ድንገት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሰው ይሰማኛል አላልኩም።

«አባባ! ተረት ተረት!»

ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። አባባ ዓይናቸውን ገለጡና ወደ በሩ፣ ደጅ ላይ ወደተዘረጋው ፀሐይ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ገና ቀን ነው» አሉ። «ላሚቱን ልታጠፊብን ነው?»

እጃቸውን ያዝኩ። ጨብጠው ያዙኝ።

«ተይኝ ልጄ» አሉ። «ዛሬስ ልተኛ።»

«እሺ» አልኩ።

አሁን እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ፤ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር፣ ሲመሽ ብቻ፣ አወራላቸዋለሁ። የጦጣዋን ጋቢ አሁንም አልጨረስኩትም፤ በየጊዜው ሌላ መጨረሻ እፈጥርለታለሁ። ሌላ አያት ልጆቹ ሲተኙላት ደስ ይላታል። እኔ ግን አንዱ «እሺ» ማለቱን ካቆመ ወሬዬ ይቋረጣል። እንቅልፍ ነው፣ ደክሞት ነው እላለሁ፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አያስችለኝም፤ «ለግድግዳው ነው እንዴ የማወራው?» ብዬ ጎንተል አደርገዋለሁ፤ እየተነጫነጨ «እሺ» ሲለኝ ነው ልቤ ወደ ቦታው የሚመለሰው።