የሙዘይን ጣሳ

እትዬ አሰገደች አንድ ልጃቸው ፈንታሁን ለብሔራዊ ውትድርና ከሐይቅ ከተማ ከተወሰደ ወዲህ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው አልነበራቸውም። ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «ደህና አደሩ?» ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ምን ያድርግ? ልጇ ለዘመተባት እናት የሚባል ነገር ይጠፋል። እሳቸውም እራት መሥራት ትተው ነበር። ለአንድ አፍ ማን እሳት ያነዳል!

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ድሬሰር አስረስ የኪኒን ብልቃጥ ይዞ መጣ። ኪኒኑ ሙዘይን የሚባል ዓሣ አጥማጅ የሚወስደው ነው። ሳምባ ነቀርሳ ይዞት፣ የውጫሌዋ እጮኛው ቤተሰቦች «ሳይድን ኒካህ የለም» ብለዋል። ልጁ ግን ሳሉ ጋብ ሲልለት መድኃኒቱን ይተዋል፤ ሲብስበት ደግሞ ይጀምራል። አስረስ መክሮታል፣ ሞትም እንዳለ ነግሮታል። ሙዘይን «እሺ» ይላል፤ እሺ ለማለት ማን ሰንፎ!

«ምክሩ አልሠራም» አለ አስረስ። «ሰው ለራሱ ሲሆን ይሰንፋል። እናቱን የሚያህሉ ሰው እየጠበቁት መቅረት ግን ያሳፍረዋል። ኪኒኑ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፤ ጠዋት ወደ ሐይቁ ሲወርድ እዚህ ይዋጥ።»

ድሬሰሩ ሰው ያውቃል። ሙዘይን በየጠዋቱ መጣ። «እትዬ አሰገደች፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ መልሱን ቆሞ ይሰማል። በጣሳ ውሃ ያቀብሉታል፤ ውጦ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያሳያቸዋል። በረመዳን ከጾሙ በፊት የሚበላበት ሱሁር ሳያልፍበት ብሎ በጨለማ ሲመጣ፣ ክርስቲያኗ ሴትዮ ቀድመውት ተነስተው ይጠብቁታል። አንዳንዴ ዓሣ ይዞላቸው ይመጣል፤ ያን ቀን እራት ይሠራሉ።

ሰውነቱ ሲመለስ አንድ ጠዋት ቀረ። እትዬ አሰገደች ኪኒኑን ይዘው፣ ጣሳውን በነጠላቸው ሸፍነው ሐይቁ ዳር ድረስ ወረዱ።

«ወላሂ ድኛለሁ!» አለ ታንኳው ላይ ሆኖ።

«ድሬሰሩ ድኗል ሲል ትድናለህ። አሁን ዋጥ!»

ጓደኞቹ ሳቁበት። ዋጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልቀረም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አስረስ መጥቶ ምርመራው ንጹሕ እንደሆነ፣ መድኃኒቱም እንደበቃው ነገራቸው። ለሙዘይን እንዲነግሩትም አደራ ብሏቸው ሄደ። እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ባልነግረውስ ብለው አሰቡ። አንድ ሳምንት ብቻ። ብልቃጡ ውስጥ ገና ኪኒን ነበር። ጠዋት ሲመጣ ግን የሞላ ጉንጩን አዩና ጨከኑ።

«ጨርሰሃል ልጄ። ሂድና ኒካህህን እሰር።»

ጉልበታቸውን ስሞ «አላህ ፈንታሁንን በሰላም ያምጣልዎ» አለ፤ ያንኑ ዕለት በጭነት መኪና ወደ ውጫሌ ሄደ፤ ኑሮውንም እዚያው አደረገ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ድሬሰሩ የልጁን ልማድ አስቦ ነበር እንጂ የሴትዮዋን አላሰበም።

በማግስቱ ጣሳው ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እትዬ አሰገደች ፀሐይ እስኪሞቅ ጠበቁ። ወደ ሐይቁ የሚወርዱት «ደህና አደሩ?» እያሉ አለፉ።

«እግዜር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አደርክ?» አሉ ለባዶው ደጅ። ከዚያ ውሃውን ራሳቸው ጠጡት።